የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር፦ ብልሽቱ እንዴት ይታወቃል? እንዴትስ ይለወጣል?

በየቤታችን ካሉት መሣሪያዎች መካከል እንደ ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን የሚሠራ ጥቂት ነው። በአግባቡ እስከሠራ ድረስ ማንም አያስታውሰውም፤ ባቆመ ዕለት ግን ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። ሥጋው ይበላሻል፣ ወተቱ ይኮመጥጣል፤ በቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ የሚገባው ኢንሱሊን ለብልሽት ይጋለጣል። ቴክኒሻን ተጠርቶ ሲመጣም ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው።

ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የችኮላ ነው። ኮምፕሬሰር ከማቀዝቀዣ ክፍሎች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ መለወጡም ልዩ መሣሪያና ሙያ ይጠይቃል። ከጎኑ የሚሰካው አነስተኛ የማስነሻ ሪሌይ ሲበላሽ ግን ማቀዝቀዣው የሚያሳየው ምልክት ኮምፕሬሰሩ በተበላሸ ጊዜ ከሚያሳየው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በዚህም ምክንያት ጤነኛ ኮምፕሬሰር ተነቅሎ ሊጣል፣ ባለቤቱም ያለ አግባብ ሊከፍል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮምፕሬሰሩን አሠራር፣ ብልሽቱ የሚለይበትን ሥርዓትና ቅየራው የሚጠይቀውን ጥንቃቄ በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። ሥራውን ራሱ የማይሠራ አንባቢም ቢሆን ቴክኒሻኑን ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ኮምፕሬሰር ምን ይሠራል?

ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያሻግራል። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ቆዳችን ላይ የሚቀባው አልኮል የማቀዝቀዝ ስሜት የሚሰጠን አልኮሉ ሲተን ከሰውነታችን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ማቀዝቀዣም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ የተነነው ፈሳሽ በአየር ላይ ተበትኖ እንዳይቀር ተሰብስቦ እንደገና ወደ ፈሳሽነት መለወጡ ነው።

ይህን የሚያስችለው ኮምፕሬሰር ነው። ኮምፕሬሰሩ ከውስጠኛው ክፍል የመጣውን ቀዝቃዛ ጋዝ ይስባል፤ ጨምቆም ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። የሞቀው ጋዝ በማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ጎን ወይም ሥር ወደሚገኘው ኮንደንሰር ይገባና ሙቀቱን ለክፍሉ አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እርጥበትንና ቆሻሻን በሚያስቀር ፊልተር ካለፈ በኋላ ካፒላሪ ወደሚባለው እጅግ ቀጭን ቱቦ ይገባል። የዚህ ቱቦ የውስጥ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ከዚያ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ በኢቫፖሬተሩ ውስጥም እየተነነ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ሙቀት ይወስዳል። ጋዙም ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመልሶ ጉዞው እንደ አዲስ ይጀመራል።

በዚህ መንገድ ለሚሠራ ማሽን የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1834 ያገኘው በለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ጄኮብ ፐርኪንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ ጄኔራል ኤሌክትሪክ «ሞኒተር ቶፕ» በሚል ስም የሚታወቀውን፣ ሞተሩና መጭመቂያው በአንድ የታሸገ ብረት ውስጥ የተቀመጡለትን የቤት ማቀዝቀዣ ለገበያ አቀረበ። የዛሬዎቹም የቤት ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰሮች በብየዳ የታሸጉ ናቸው። ይህ እሽግነት ጋዙ እንዳይወጣ ይረዳል፤ ነገር ግን ውስጡ የተበላሸ ኮምፕሬሰር ተከፍቶ እንደማይጠገንና በሙሉ መለወጥ እንዳለበት ያስገድዳል። ከመለወጥ በፊት ምርመራው ጥብቅ መሆን ያለበትም ስለዚህ ነው።

ከኮምፕሬሰሩ በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

ምርመራ የሚጀመረው ከቀላሉና ከርካሹ ነው። በመጀመሪያ ሶኬቱ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሌላ ዕቃ ይፈተናል። ማቀዝቀዣው በማከፋፈያ ገመድ በኩል ከሆነ የተሰካው ከግድግዳው ጋር በቀጥታ ይገናኝ፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ የቮልቴጅ መውረድ ያስከትላልና። ቀጥሎ ቴርሞስታቱ ወደ ዜሮ አለመዞሩና በሩ በሚገባ መዘጋቱ ይታያል። የበሩን ላስቲክ ለመፈተን ቀጭን ወረቀት በበሩ መካከል አድርጎ መዝጋት በቂ ነው፤ ወረቀቱ ያለ ምንም መያዝ ተስቦ ከወጣ ላስቲኩ አየር ያስገባል።

ከዚያም ኮንደንሰሩ ይታያል። አቧራና ፀጉር የሸፈነው ኮንደንሰር ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ ማቀዝቀዣውም ቅዝቃዜው ይደክማል። ማራገቢያ ያለው ማቀዝቀዣ ከሆነ ማራገቢያው መዞሩን ማረጋገጥ ያሻል።

አንድ ምልክት በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ የበረዶ ክፍሉ በሚገባ እየቀዘቀዘ የታችኛው ክፍል ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ሥራውን እየሠራ ነው። በረዶ በማይሠሩት ዘመናዊ ማቀዝቀዣዎች እንዲህ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውስጠኛው ማራገቢያ፣ ከአየር ማሳለፊያው ወይም በረዶን በየጊዜው ከሚያቀልጠው ማሞቂያ ነው። በዚህ ሁኔታ ኮምፕሬሰር መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ድምፁ ምን ይናገራል?

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ደኅና ከሆኑ ጆሮን ወደ ኮምፕሬሰሩ ማቅረብ ይገባል። የሚያጋጥሙት ሁኔታዎች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ፍጹም ዝምታ ነው። መብራቱ እየበራ ኮምፕሬሰሩ ምንም ድምፅ ካላሰማ ኤሌክትሪክ አልደረሰው ይሆናል። ምክንያቱ ቴርሞስታቱ፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ መቆጣጠሪያ ካርዱ ወይም ከመጠን ያለፈ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ሲመጣ የሚያቋርጠው ኦቨርሎድ የሚባለው መከላከያ ሊሆን ይችላል። በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ሽቦ ተቆርጦም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ለጥቂት ሰከንዶች እያጉረመረመ «ጠቅ» ብሎ የሚያቆምና ከደቂቃዎች በኋላ ይህንኑ የሚደግም ነው። ሞተሩ ሊነሣ እየሞከረ አልቻለም፤ ኦቨርሎዱ ደግሞ እንዳይቃጠል እያቋረጠለት ነው። ምክንያቱ የተበላሸ ሪሌይ፣ የደከመ ካፓሲተር፣ የወረደ ቮልቴጅ ወይም በውስጡ የተያዘ ኮምፕሬሰር ነው። ከአራቱ ሦስቱ ኮምፕሬሰሩን መለወጥ አይጠይቁም።

ሦስተኛው ሳያቋርጥ እየሠራ የማያቀዘቅዝ ነው። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ኮንደንሰሩ ምንም ካልሞቀ ወይ ጋዙ ሾልኮ ወጥቷል፣ ወይ ካፒላሪው ተደፍኗል፣ ወይም የኮምፕሬሰሩ ቫልቮች ደክመው መጭመቅ አቅቶታል። እነዚህን መለየት የግፊት መለኪያ ይጠይቃል። ሆኖም ፍንጮች አሉ። ኢቫፖሬተሩ መግቢያው ላይ ብቻ በረዶ ይዞ የቀረው ደረቅ ከሆነ የጋዝ ማነስን ያመለክታል፤ በቱቦ መገጣጠሚያ ላይ የዘይት እድፍ መታየቱ መሹለኩን ይጠቁማል። ማቀዝቀዣው ለጥቂት ሰዓታት አቀዝቅዞ ያቆምና ሲሞቅ መልሶ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ውስጥ የገባ እርጥበት በካፒላሪው ጫፍ በረዶ እየሆነ መንገዱን ይዘጋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል መታረም አለበት። «ጋዙ አልቋል» ሲባል ጋዝ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ይመስላል። የማቀዝቀዣ ጋዝ ግን በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዞር በመሆኑ በሥራ ብዛት አያልቅም። ካነሰ የሾለከበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ ብቻ መሙላት የተቀደደ ከረጢት እንደ መሙላት ነው።

በመልቲሜትር የሚደረግ ምርመራ

ይህ ምርመራ የሚደረገው ማቀዝቀዣው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ነው። ካፓሲተር ካለው ደግሞ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ አምቆ ስለሚቆይ በተገቢው መንገድ ባዶ መደረግ አለበት።

በኮምፕሬሰሩ ጎን ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ሲከፈት ሪሌዩና ኦቨርሎዱ ይታያሉ። ብዙ ማቀዝቀዣዎች የሚጠቀሙበት ሪሌይ በውስጡ ትንሽ ክብ ሴራሚክ አለው። ይህ ሴራሚክ ቀዝቃዛ ሳለ ለማስነሻው ሽቦ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ በሰከንዶች ውስጥ ሲግል ግን ተቃውሞው እጅግ ጨምሮ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። ሪሌዩ ተነቅሎ ሲወዘወዝ እንደ ተሰበረ ዕቃ ከተንኳኳ፣ ወይም የመቃጠል ሽታና ጥቁረት ካለው ተበላሽቷል። ኦቨርሎዱ ደግሞ ቀዝቃዛ ሳለ በመልቲሜትር ሲለካ ወደ ዜሮ የቀረበ ኦም ማሳየት አለበት።

እነዚህ ሲነሡ ሦስት ፒኖች ይገለጣሉ፦ የጋራው፣ የማሄጃውና የማስነሻው። በተራ ኮምፕሬሰር ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱም በጋራው ፒን ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ በየሁለቱ ፒኖች መካከል ያለው ተቃውሞ ሲለካ ሦስት ቁጥሮች ይገኛሉ፣ ትልቁም ቁጥር የሁለቱ ድምር መሆን አለበት። ለምሳሌ ከጋራው እስከ ማሄጃው 12 ኦም፣ ከጋራው እስከ ማስነሻው 18 ኦም ቢሆን፣ ከማሄጃው እስከ ማስነሻው 30 ኦም ሊገኝ ይገባል። ትክክለኛዎቹ ቁጥሮች እንደ ኮምፕሬሰሩ ዓይነት ይለያያሉ፤ የድምሩ ሕግ ግን አይለወጥም። አንዱ ልኬት መጨረሻ የሌለው ተቃውሞ ካሳየ ሽቦው ተቆርጧል። ድምሩ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ በጥቅሎቹ ውስጥ መነካካት መኖሩን ያስጠረጥራል።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ፒን ወደ ኮምፕሬሰሩ የብረት አካል ይለካል፤ ለዚህም ቀለሙ የተፋቀ ንጹሕ ቦታ ይመረጣል። እዚህ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ግንኙነት ካለ ሽቦው ከአካሉ ጋር ተነካክቷል፤ ይህ ሰውን በኤሌክትሪክ ሊመታ የሚችል አደገኛ ብልሽት ስለሆነ ማቀዝቀዣው ዳግም መሰካት የለበትም። የፒኖቹ ሽፋን ሳይገጠምም ኮምፕሬሰሩን ማስነሣት ክልክል ነው።

ልኬቱ ሁሉ ደኅና ከሆነ በትክክለኛ አዲስ ሪሌይና ኦቨርሎድ ይሞከራል። በቂ ቮልቴጅ እያገኘ አሁንም አጉረምርሞ ካቆመና የሚስበው አምፔር በስያሜ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ከሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ በውስጡ ተይዟል። «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ለማለት የሚያስደፍረው ይህ ነው።

ኢንቨርተር የሚባሉት ኮምፕሬሰሮች ግን በዚህ ሕግ አይመረመሩም። በእነርሱ ሦስቱም ልኬቶች እኩል ወይም እጅግ ተቀራራቢ ናቸው፤ የሚነዳቸውም የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ነው። ከሶኬት ጋር በቀጥታ ማገናኘት ጤነኛውን ኮምፕሬሰር ያበላሻል። ካርዱ መፈተሽ ያለበትም ከኮምፕሬሰሩ በፊት ነው።

ቮልቴጅ፣ ሄርትዝና ከውጭ የሚላክ ማቀዝቀዣ

በኢትዮጵያ መብራት ጠፍቶ ቶሎ ሲመለስ ማቀዝቀዣዎች የሚጎዱት በሁለት ምክንያት ነው። ኮምፕሬሰሩ እንደቆመ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ገና ስላልተስተካከለ ሞተሩ ከባድ ጭነት ይጠብቀዋል። የማስነሻ ሪሌዩም ገና ትኩስ ስለሆነ ሊያግዘው አይችልም። ሁለቱም የደቂቃዎች ዕረፍት ይፈልጋሉ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አዘግይቶ የሚያገናኝ የቮልቴጅ መከላከያ ጠቃሚ የሚሆነው ለዚህ ነው። የቮልቴጅ መውረድም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የሞተር የመነሻ ጉልበት የሚቀንሰው ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው። 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጎድላል።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ማቀዝቀዣ ወደ አገር ቤት ሲልኩ ደግሞ የስያሜ ሰሌዳውን ማንበብ አለባቸው። የአሜሪካ ማቀዝቀዣ ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርትዝ የተሠራ ሲሆን፣ የኢትዮጵያው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ይለውጣል፤ ሄርትዙን ግን አይነካም። ለ60 ሄርትዝ ብቻ የተሠራ ተራ ሞተር በ50 ሲሠራ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል፤ ቮልቴጁ በዚያው ልክ ካልቀነሰም ተጨማሪ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግላል። በሳዑዲ ዓረቢያም ኤሌክትሪኩ 60 ሄርትዝ ስለሆነ፣ ቮልቴጁ ቢቀራረብም ሰሌዳው «50/60» የሚል መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን 50 ሄርትዝ ነው።

ጋዙን ማወቅ

ቱቦ ከመቆረጡ በፊት በውስጡ ያለው ጋዝ መታወቅ ግድ ነው። አሮጌ ማቀዝቀዣዎች የሚጠቀሙበት አር 12 ነበር። ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 የዚህ ዓይነት ጋዞች የኦዞን ሽፋንን እንደሚጎዱ አሳዩ፤ በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ጋዞቹ ከአገልግሎት እንዲወጡ ተወሰነ። የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ረገድ ከተመሳሳይ ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ብርቱ ነው። እርሱንና መሰሎቹን ለመቀነስም በ2016 በሩዋንዳ የኪጋሊ ማሻሻያ ጸደቀ።

ዛሬ በብዙ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎች ያለው አር 600ኤ፣ ማለትም አይሶቡቴን ነው። ለአካባቢ የተሻለ ቢሆንም በማብሰያ ሲሊንደር ካለው ቡቴን ጋር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ይቀጣጠላል። ይህ ጋዝ ያለበትን ቱቦ በብየዳ እሳት መክፈት ለፍንዳታ መጋበዝ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ አር 134ኤን ወደ አየር መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ሥራውም የምስክር ወረቀት ላለው ባለሙያ የተተወ ነው። በሌላውም አገር ቢሆን ይህ ክፍል የቤት ባለቤት ሥራ አይደለም።

ቅየራው በቅደም ተከተል

ባለሙያው በመጀመሪያ ተስማሚ ኮምፕሬሰር ይመርጣል። «ሩብ የፈረስ ጉልበት» ብሎ መግዛት ብቻውን አይበቃም። የጋዙ ዓይነት፣ ቮልቴጁና ሄርትዙ፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ፣ ለበረዶ ክፍል ዝቅተኛ ሙቀት የተሠራ መሆኑና በውስጡ ያለው ዘይት ሁሉም መግጠም አለባቸው።

ቀጥሎ ጋዙ በመሰብሰቢያ መሣሪያ ይሰበሰባል። አር 600ኤ ከሆነ ክፍሉ አየር እንዲያገኝ ይደረጋል፤ የእሳትና የብልጭታ ምንጭ ሁሉ ይርቃል፤ ቱቦዎቹም በእሳት ሳይሆን በቱቦ መቁረጫ ይቆረጣሉ። ከአሮጌው ኮምፕሬሰር የወጣው ዘይት ጥቁርና የሚከረፋ ከሆነ ሞተሩ ተቃጥሎ አሲድ ፈጥሯል ማለት ነው፤ ቱቦው በሙሉ ሳይጸዳ አዲሱን መግጠም በአዲሱም ላይ መፍረድ ነው።

ፊልተሩ ሁልጊዜ አብሮ ይለወጣል፤ የሚገጠመውም ወደ ካፒላሪው የሚወስደው ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ነው። የአዲሱ ኮምፕሬሰር መድፈኛዎች እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አይከፈቱም፣ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባልና። ብየዳው ሲያልቅ መገጣጠሚያዎቹ በደረቅ ናይትሮጅን ግፊትና በሳሙና አረፋ ይፈተናሉ። በናይትሮጅን ፈንታ ኦክስጅን መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ኦክስጅን ከዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል።

ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት ይወጣል። ግፊቱ በበቂ ሲወርድ ውኃ በክፍሉ ሙቀት ስለሚፈላ ተንኖ ይወጣል። ይህን ሥራ የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ራሱ እንዲሠራው ማድረግ እርጥበቱን እዚያው መተው ነው። በአዲስ አበባ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። በባሕር ዳርቻ ፍጹም ቫኪዩም ላይ ወደ −1 ባር የሚጠቁመው ተራ መለኪያ በአዲስ አበባ ከ−0.76 ባር ብዙም አያልፍም። ይህ የፓምፑ ድካም ወይም የቱቦ ቀዳዳ አይደለም። ትክክለኛውን ነገር የሚናገረው በማይክሮን የሚያነብ የቫኪዩም መለኪያ ሲሆን፣ የተለመደው ግብ 500 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ደርሶ፣ ፓምፑ ሲዘጋም ብዙ ሳይወጣ መቆየቱ ነው።

በመጨረሻ ጋዙ በሰሌዳው ላይ በተጻፈው ግራም ልክ፣ በዲጂታል ሚዛን ይሞላል። አር 600ኤ በሚጠቀም ማቀዝቀዣ መጠኑ ብዙ ጊዜ ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ነው፤ 50 ግራም በሚወስደው ላይ የ5 ግራም ስሕተት አሥር በመቶ ነው። በእጅ ስሜት ወይም በግምት መሙላት ከዚህ በኋላ ቦታ የለውም። ቱቦው ከታሸገና መሹለክ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ማቀዝቀዣው ለሰዓታት ይሠራና በቴርሞሜትር ይለካል፤ የታችኛው ክፍል ወደ 4፣ የበረዶው ክፍል ወደ −18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ ይኖርበታል።

መለወጥ ወይስ መተው?

ካቢኔው የዛገ፣ የበሩ ላስቲክ ያረጀና ኢቫፖሬተሩ የተበሳ ማቀዝቀዣ አዲስ ኮምፕሬሰር ቢገጠምለትም ዕድሜው አይረዝምም። ሌላው አካሉ ጤነኛ የሆነና ዋስትናው ያላለቀ ከሆነ ግን መጠገኑ ያዋጣል፤ አንዳንድ አምራቾች ለኮምፕሬሰሩ ብቻ ከሌላው ክፍል የረዘመ ዋስትና ይሰጣሉና ከመክፈል በፊት ሰነዱን ማየት ይበጃል።

ባለቤቱ ለቴክኒሻኑ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። የሦስቱ ፒኖች ልኬት ስንት ሆነ? ከአካሉ ጋር ግንኙነት አለ? በአዲስ ሪሌይ ተሞክሯል? ፊልተሩ ይለወጣል? ጋዙ የሚሞላው በሚዛን ነው? ሙያውን የሚያውቅ ቴክኒሻን በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ መልሱን አስቀድሞ ለክቶ ይዞታልና።

ለወደፊቱም ኮንደንሰሩን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ማጽዳት፣ በማቀዝቀዣው ዙሪያ ለአየር ቦታ መተው፣ ትኩስ ምግብ በብዛት አለማስገባትና ተኝቶ የተጓጓዘን ማቀዝቀዣ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ለሰዓታት አቁሞ ማቆየት ይመከራል። እነዚህ ጥንቃቄዎች ወጪያቸው እጅግ አነስተኛ ነው፤ የሚጠብቁት ግን በማቀዝቀዣው ውስጥ ከሁሉ ውድ የሆነውን ክፍል ነው።